ማዱራይ፣ ዓይኗን ከማትጨፍነው ዘንድ

እቴቴ ደቡብ ህንድ፣ ማዱራይ ከተማ የሄደችው ለዓይኗ ነው። ቼናይ ያየቻት ሐኪም የግራ ዓይኗን ሬቲና መርምራ «ለዚህስ ማዱራይ ሂዱ» አለችን። በሌሊት ባቡር ወደ ደቡብ ወረድን፤ በሦስተኛው ቀን ቀዶ ሕክምናው ተሠራላት። ከዚያ በኋላ ሥራችን መጠበቅ ብቻ ሆነ። ጠብታ በየአራት ሰዓቱ፣ ቀጠሮ በሳምንቱ። ካረፍንበት ቤት መስኮት ደግሞ ከጣሪያው ሁሉ በላይ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ግንብ ይታያል።

«ምንድን ነው ያ?» አለች በደህናው ዓይኗ አሻግራ እያየች።

«የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ነው።»

«ጣዖት ቤት በለኛ! እኔ አልገባም፤ ደግሞ ሁዳዴ ነው። አንተ ግን ሂድና አይተህ ንገረኝ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ሄድን። እነሱ «ኦቶ» ይሉታል፤ ባጃጅ የፋብሪካው ስም ነው ብላት እቴቴ አላመነችኝም። በሩ ላይ ሴቶች ተደርድረው ጠምበለል የመሰለ ነጭ የጃስሚን አበባ በክር እየጎነጎኑ ይሸጣሉ። የሚለኩትም ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ነው። «በክንድ! እንደ ድሮ ሸማ!» ብላ ሳቀችና አንድ ክንድ ገዛች። ጫማዬንና ስልኬን አስረክቤ ስገባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከአበባ ሻጮቹ አጠገብ ተቀመጠች።

ግንቦቹ «ጎፑራም» ይባላሉ፤ በግቢው 14 አሉ፤ ረጅሙ፣ የደቡቡ፣ 52 ሜትር ገደማ ነው። ከሥር እስከ ጫፍ አማልክት፣ ዘበኞች፣ ጭራቆችና እንስሳት ተደራርበውበታል። እውነቱን ለመናገር ዓይኔ ደከመ፤ አንዱን አይቼ ሳልጨርስ ሌላው ይጠራኛል። የሺህ ምሰሶ አዳራሽ የሚሉትንም ቶሎ አለፍኩት፤ ምሰሶዎቹ ሲቆጠሩ ግን 985 ናቸው።

የያዘኝ የቤተ መቅደሱ እመቤት፣ የሴት አምላካቸው የሚናክሺ ታሪክ ነው። ሚናክሺ ማለት የዓሣ ዓይን ያላት ማለት ነው። የፓንዲያ ንጉሥ ልጅ አጥቶ የእሳት መሥዋዕት ቢያቀርብ፣ ወንድ ሲጠብቅ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ከእሳቱ ወጣች፤ ያውም ሦስት ጡት ያላት። «ግድ የለህም፣ ባሏን ያየች ቀን ሦስተኛው ይጠፋል» የሚል ድምፅ ተሰማ። እንደ ወንድ ጦር ተምራ፣ አባቷን ወርሳ ነገሠች፤ አገር እያስገበረች እስከ አምላኩ ሺቫ ተራራ እስከ ካይላሽ ዘለቀች። እዚያ ሺቫን ስታይ ጡቷ ጠፋ፤ አንገቷን ደፋች። ከዚያም እሱ ተከትሏት መጥቶ ማዱራይ ገባ። ስለዚህ በዚህ ቤት ቀዳሚዋ እሷ ናት፤ ምእመኑ መጀመሪያ የሚሳለመው እሷን ነው።

በአንድ ምሶሶ ላይ ሰርጋቸው ተቀርጿል፤ ሙሽራዋን የሚድረው ወንድሟ፣ አምላኩ ቪሽኑ ነው። በሚያዝያ ግድም በሚከበረው በዓል ግን ይኸው ወንድም፣ እዚያ አገር አላጋር ይሉታል፣ ከኮረብታው ቤቱ ተነሥቶ ሲመጣ ይረፍድበታል። ሰርጉ ማለቁን ሲሰማ ተቆጥቶ፣ በወርቅ ፈረሱ ቫይጋይ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከተማውን ሳይረግጥ ይመለሳል። ይህን ስሰማ የኛ ዘመዶች ትዝ አሉኝ።

የሂንዱ ምእመን ቤተ መቅደስ የሚሄደው ለ«ዳርሻን» ነው፤ አምላኩን ሊያይ፣ በአምላኩም ሊታይ። ዓሣ ዓይኗን አትጨፍንም፤ እንቁላሏንም በማየት ብቻ ታስፈለፍላለች ይላሉ፤ ሚናክሺም ልጆቿን እንዲያ በዓይኗ ታኖራለች። እኔ ግን አላየኋትም። ወደ ውስጠኛው ክፍል በሚያስገባው በር ሂንዱ ላልሆነ እንደማይፈቀድ ተጽፏል። አልከፋኝም፤ ሳድግ መቅደስ ለካህን ብቻ መሆኑን እያየሁ ነው። በኋላ የተነገረኝ ግን ከነከነኝ። ዳሊቶች፣ «አይነኬ» ተብለው የተገለሉት ወገኖች፣ ሂንዱ ሆነው ሳለ፣ በዚህ ግቢ በር ለዘመናት አያልፉም ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 1939 ቫይዲያናታ አይየር የተባለ ከካህናቱ ወገን የሆነ ብራህሚን ጥቂት ሰዎች ይዞ ገባ፤ በሩ የተከፈተው ያን ቀን ነው።

ይህን የነገረኝ ወርቃማው ሎተስ በሚባለው ኩሬ ደረጃ ላይ ያገኘሁት ጡረተኛ አስተማሪ ነው። የኩሬውንም ታሪክ ጨመረልኝ። አንድ ንጉሥ «የሴት ጠጉር በተፈጥሮው መዓዛ አለው ወይ?» ብሎ ለሚመልስለት ገጣሚ 1,000 ወርቅ አዘጋጀ። አንድ ድሃ ሺቫን ቢለምን፣ ሺቫ ራሱ ገጥሞ ሰጠው። የገጣሚዎቹ ጉባኤ አለቃ ናኪራር ግን «ነገሩ ስሕተት አለበት» ብሎ ጣለው። ሺቫ ተቆጥቶ መጣ፤ ሦስተኛ ዓይኑን ግንባሩ ላይ ከፈተበት። ናኪራር «ዓይንህን ብትከፍትም ስሕተቱ ስሕተት ነው» አለው። ተቃጥሎ የወደቀው እዚህ ኩሬ ውስጥ ነው፤ ኋላ ይቅር ተብሎ ወጣ። ግጥሙ ዛሬም «ኩሩንቶጋይ» በሚባለው፣ በአገሩ ቋንቋ በታሚል በተጻፈ ጥንታዊ የግጥም መድበል ሁለተኛው ሆኖ ይነበባል።

ሮጬ ወጥቼ ለእቴቴ ነገርኳት። አባቷ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ያ ሰውዬ እውነተኛ ባለቅኔ ነው» አለች። «አባባ ቢኖሩ ወንድሜ ይሉት ነበር።» ቀጥላም «የነገረህ ራሱን ይወዘውዛል? የኔም የሒሳብ አስተማሪ ህንድ ነበር፤ አዎ ይበል አይሆንም ይበል ሳንለይ ዓመቱ አለቀ።»

ማታ ሦስት ሰዓት ግድም ብቻዬን ተመለስኩ። በየሌሊቱ የሺቫ እግሮች ምስል በመጋረጃ በተሸፈነ ቃሬዛ ሆኖ ወደ ሚናክሺ መኝታ ክፍል ይወሰዳል። ከበሮው ቀደመ፣ ረጅሙ የታሚል መለከት ተከተለ፣ ዕጣኑ ኮሪደሩን ሞላው። ካህናቱ ደረታቸውን ገልጠው ቃሬዛውን እያራገቡ አለፉ። ሰዉ እጁን ገጥሞ አንገቱን ያሰግጋል፤ የሚታየው መጋረጃ ብቻ ነው፣ ለእኔም ለእነሱም። በሩ ተዘጋ፣ መብራቱ ቀነሰ፣ ሰው ተበተነ።

እቴቴ ሳትተኛ ጠበቀችኝ። አበባው ትራሷ አጠገብ ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጧል።

«ታዲያ ጠዋት ማን ይቀሰቅሳቸዋል?»

«ጎህ ሳይቀድ በሙዚቃ ነው አሉ።»

የጠብታዋ ሰዓት ደርሶ ነበር። ፋሻውን አንሥቼ ጠርሙሱን ዓይኗ ላይ ዘቀዘቅሁት።

«እንዳትጨፍኚ።»

«ዓሣ መሰልኩህ እንዴ?» አለችና ጨፈነችው፤ ጠብታው በጉንጯ ወረደ።