አፍ ውስጥ ያለ ነጭ ነገር

ሉኮፕላኪያ የሚባለው ምላስ ጎን ወይ ጉንጭ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ በፋሻ ብትጠርጉት አይለቅም፣ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ለዛ ነው ሰው ዝም የሚለው። አብዛኛው ካንሰር አይሆንም እሺ፣ ግን የትኛው እንደሚሆን በዓይን አይለይም፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ሴል ውስጥ መባዛቱን እንደ ፍሬን የሚይዙ ጂኖች አሉ፣ ፒ16 ክሮሞዞም 9 ላይ ፒ53 ደሞ 17 ላይ (ክሮሞዞም ማለት ጂኖቹ የተደረደሩበት የዲኤንኤ ክር ነው)። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ፒ16 ያለበት የክሮሞዞም 9 ቁራጭ ነው፣ ከዛ ፒ53 ሲበላሽ ዲኤንኤው የተጎዳ ሴል መሞት ሲገባው መባዛቱን ይቀጥላል። ሲጋራና አልኮል አንድ ላይ ሲሆኑማ በጣም ይብሳል። ደሞ ነጩን ቆርጦ ማውጣት ብቻ አይበቃም፣ ዙሪያው ያለው ጤነኛ የሚመስል ስጋም ያው ጉዳት ሊኖርበት ስለሚችል ክትትሉ እንዳይቋረጥ። በተለይ ከምላስ ስር ከሆነና ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ እባካችሁ ለሐኪም አሳዩት፣ ሐኪሙ ባዮፕሲ (ትንሽ ቁራጭ ወስዶ መመርመር) ካለም እሺ በሉ።