ሦስት ሩፋኤል

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነበር፤ ኅዳር 13 ቀን 2011 ዓ.ም.። ችሎቱ ገና አልተሰየመም፤ የዕለቱን መዝገቦች በቀጠሮ ሰዓታቸው እየደረደርኩ ነበር። አንዲት እናት ከመስኮቱ ወዲያ ቆመው «ልጄ፣ ባላስቸግርህ» አሉኝ። በክንዳቸው ዘንቢል አንጠልጥለዋል፤ ውስጡ ባዶ ሳህን ከክዳኑ ጋር ይጋጫል። የወንጀል ችሎት ጸሐፊ ሆኖ የሠራ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ማረሚያ ቤት ስንቅ አድርሶ የሚመለስ ሰው ድምፅ ነው።

ልጃቸው በከባድ ስርቆት ሦስት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈርዶበታል። አብረውት የታሰሩት «በጳጉሜን በአመክሮ ትወጣለህ» ብለውት ነበር። አልወጣም። «ምን አጥፍቶ እንደሆነ እንጃ፤ እርሱ ምንም አላጠፋሁም አለኝ፤ እኔ ግን አላመንኩትም» አሉ። «የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠላ ጠምቄ፣ ዶሮ አሳርጄ ጠበቅኩት። ቀረ። ጠብ ፈጥሮ ነው የከለከሉት ብዬ አኩርፌ ሁለት ወር ስንቅ አላደረስኩለትም። ትናንት ሚካኤልን ስዘክር አንጀቴ አልችል አለኝና ዛሬ ማለዳ ይዤለት ሄድኩ። ለፍርድ ቤቱ ጽፌ መልስ ጠፋ ቢለኝ ነው የመጣሁት።»

መልሴ ከአፌ ጫፍ ላይ ነበር። «እማማ፣ አመክሮ የሚጀመረው ከማረሚያ ቤቱ ነው። ጠባዩን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የእኛ መዝገብ ተዘግቷል» አልኳቸው። በቀን ብዙ ጊዜ የምንሰጠው መልስ ነው፤ ሐሰትም አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንድ ፍርደኛ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ከፈጸመ፣ በሥራውና በጠባዩ መታረሙን ካሳየ፣ ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን ከካሰ፣ ቀሪውን በአመክሮ ከእስር ውጭ እንዲያሳልፍ ይፈቅድለታል። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው እንኳ 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ ይህ በር ይከፈትለታል። ስለ ጠባዩ የሚመሰክረው ማረሚያ ቤቱ ነው፤ የሚፈቅደው ፍርድ ቤት ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ስለማውቀውም ሴትየዋን ቀና ብዬ ሳላይ መለስኩላቸው።

እሳቸውም «እሺ፣ መልካም» ብለው ዞሩ። ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ሦስት ሩፋኤል አለፈው እኮ» አሉ።

ለምን በሩፋኤል እንደሚቆጥሩ ጠየቅኳቸው። «የያዙት በዋዜማው ነዋ! በማግስቱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዝናብ ሲጠመቅ፣ እኔ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ተቀምጬ ያው ዝናብ ሲወርድብኝ ዋለ።»

ሩፋኤል ጳጉሜን 3 ነው። ወንበር ሰጥቻቸው መዝገቡን ከመዝገብ ቤት አስወጣሁ። ፍርዱ የተነበበው ጥቅምት 14 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ለማረሚያ ቤቱ የጻፍነው ትእዛዝ ቅጂ ከፍርዱ ጀርባ ተያይዟል፦ «…የሦስት ዓመት ጽኑ እስራቱ ከታሰረበት ከጳጉሜን 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ታስቦ እንዲፈጸም…»። በጣቴ ቆጠርኩ። የ2009 ሩፋኤል አንድ፣ የ2010 ሩፋኤል ሁለት። ሦስተኛው የለም።

የጊዜ ቀጠሮ መዝገብ፣ ማለትም ፖሊስ ለምርመራ ጊዜ ሲጠይቅ የሚከፈተው፣ ከዋናው የወንጀል መዝገብ የተለየ ነው፤ ቁጥሩም ሌላ፣ የሚቀመጥበት መደርደሪያም ሌላ። ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያቀርብ ሕገ መንግሥቱ ስለሚያስገድድ፣ የመጀመሪያው መዝገብ የሚከፈተው ክስ ከመመሥረቱ በፊት ነው። ያን ፋይል ፈልጌ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። ተጠርጣሪው ጳጉሜን 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ተይዞ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ችሎት ቀርቧል። ሴትየዋ በዝናብ የቆጠሩት ልክ ነበር። በማኅተም የወጣው ወረቀት በአንድ ዓመት ተሳስቷል። የትእዛዙ ግርጌ ላይ ደግሞ «ያዘጋጀው» በሚለው ቦታ የእኔ ፊርማ አለ።

ስለ ፍርዱ ቀን ማውራት አለብኝ፤ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ያለዚያ አይገባም። ጥቅምት ፍርድ ቤት ከክረምት እረፍት ተመልሶ ሥራው እንደ ጎርፍ የሚመጣበት ወር ነው። ተከሳሹ ዋስትና ተፈቅዶለት ነበር፤ 10,000 ብር። ቤተሰቡ ማቅረብ አልቻለም፤ ምስክር እየቀረ ቀጠሮው እየተገፋ ከአንድ ዓመት በላይ ታስሮ ተከራከረ። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ሁለቱም ወገን በቅጣቱ ላይ አስተያየት ሰጡ። ዐቃቤ ሕግ ወንጀሉ በሌሊትና ከሌሎች ጋር በመሆን መፈጸሙ በቅጣት ማክበጃነት እንዲያዝበት ጠየቀ። ተከላካይ ጠበቃዋ ደግሞ ከሌሎች ጋር መሆኑ በተከሰሰበት አንቀጽ ውስጥ የተቆጠረ ስለሆነ ዳግመኛ ማክበጃ ሊሆን አይገባም ብላ ተከራከረች። የወንጀል ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የወንጀሉ ማቋቋሚያ የሆነ ነገር እንደ ገና ቅጣት ማክበጃ አይሆንም። ንብረቱን መመለሱና የቀድሞ ጥፋት የሌለበት መሆኑ በማቅለያነት ተያዘለት። ዳኛው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006ን ገልጠው እርከኑን ሲወጡና ሲወርዱ፣ በእርሳስ ሲደምሩና ሲቀንሱ፣ ከፊታቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። አንድ እርከን ዝቅ ለማድረግና ላለማድረግ ግማሽ ሰዓት አሰቡ። ሦስት ዓመት ላይ አረፉ። «የታሰረበት ይታሰብለት። ለማረሚያ ቤቱ ይጻፍ። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» አሉ።

«ይጻፍ» የምትለው ቃል እኔ ዘንድ ደረሰች። ዳኛው ግማሽ ሰዓት የተጨነቁበትን ነገር እኔ በአራት ደቂቃ ጻፍኩት። ተከሳሹ «ጳጉሜን ሁለት ነው የተያዝኩት» ሲል በችሎት ሰምቻለሁ። ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ጳጉሜን ካለፈ ገና ወር ከሁለት ሳምንት። በአእምሮዬ ያለው ጳጉሜን የቅርቡ፣ የ2009ኙ ነበር። የጊዜ ቀጠሮውን መዝገብ አስወጥቼ ማመሳከር ነበረብኝ፤ አላመሳከርኩም። ዳኛው ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታ፣ አጃቢው ፖሊስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ማረሚያ ቤቱ የሚያውቀው ያንን ወረቀት ብቻ ነው። መዝገብ ሹሙ ታራሚውን ሲቀበል የመግቢያ ቀኑን ከትእዛዙ ይገለብጣል፤ ሙሉ ቅጣቱ የሚያልቅበትንና አመክሮ የሚደርስበትን ቀን አስልቶ በካርዱ ላይ ያሰፍራል። በትክክለኛው ቀን ቢሆን ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም ሁለት ዓመቱ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ይሞላ ነበር። በእኔ ወረቀት ግን የሚሞላው ጳጉሜን 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ይህ ደግሞ ሙሉውን ሦስት ዓመት ያለ ምንም አመክሮ ቢታሰር እንኳ የሚጨርስበት ቀን ነው። ይህን ስረዳ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ሴትየዋ ባይመጡ፣ ወይም «እሺ፣ መልካም» ብለው ዝም ብለው ቢሄዱ ኖሮ፣ ልጁ የአመክሮን ዓመት በሙሉ ታስሮ ይፈጽመው ነበር፤ በፍርድ ቤት ማኅተም።

መዝገቡን ይዤ ወደ ዳኛው ቢሮ ገባሁ። «ክቡር ዳኛ፣ ተሳስቻለሁ» ብዬ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ከፊታቸው ዘረጋሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «እኔም ሳላነብ ፈርሜያለሁ» አሉ። ሊያጽናኑኝ ብለው አይመስለኝም፤ እውነቱን ነው የተናገሩት። ፍርዱ አልተነካም፤ የሚታረመው የጽሕፈት ስሕተቱ ብቻ ስለሆነ የማረሚያ ትእዛዙ በዚያው ዕለት ወጣ። ለማንም ሳልሰጥ ራሴ አደረስኩት።

ከሰዓት በኋላ በተዘጉ መዝገቦች ላይ የሚቀርቡ አቤቱታዎች የሚቀመጡበትን ሳጥን ገለበጥኩ። ከታች አካባቢ አንድ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት አገኘሁ። መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የገቢ ማኅተም አርፎበታል። ጽሑፉ ትልልቅና የተለያየ ነው፤ ፊደል የቆጠረው እዚያው ማረሚያ ቤት ትምህርት ቤት ይሁን አላውቅም። «የታሰርኩት በ2008 ነው። ወረቀቱ 2009 ይላል። አመክሮዬ ስለ ቀረ ይታይልኝ።» ከዚህ በላይ ምን ይጻፍ? በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ውሳኔ ያገኘ፤ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ» ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። የመዝገብ ቁጥሩን አይቼ፣ መዘጋቱን አረጋግጬ፣ ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ሳላነብ ጽፌዋለሁ። አያይዤው ቢሆን እንኳ መልካም፤ አላያያዝኩትም። በጥቅምት ለተሳሳትኩት ሥራ ይበዛብኝ ነበር ማለት እችላለሁ። መስከረም ግን የእረፍት ጊዜ ነው፤ ተረኛ ችሎት ብቻ ነበር። ለዚህኛው የምሰጠው ምክንያት የለኝም።

ማረሚያ ቤቱ የታራሚውን የጠባይ መግለጫ አያይዞ የአመክሮ ጥያቄውን ሰኞ ኅዳር 17 ቀን አቀረበ። በጥፋት መዝገብ ላይ ስሙ አንድም ጊዜ አልሰፈረም፤ በእንጨት ሥራ ክፍል ሲሠራ ቆይቷል። ዳኛው በዚያው ዕለት ፈቀዱ። ማክሰኞ ወጣ። በትክክለኛው ስሌት አመክሮው ከደረሰበት ቀን 81 ቀን አልፎ ነበር። ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሆነውን ሁሉ ጽፌ አመለከትኩ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። በሚዛን ብናስቀምጠው 81 ቀንና አንድ ወረቀት እኩል እንደማይሆኑ አውቃለሁ።

ስለ ቅጣት ሲወራ ሰው ሁሉ የሚከራከረው በልኩ ነው፤ አነሰ፣ በዛ፣ ለዚህ ሦስት ዓመት ለዚያ አምስት ዓመት። ክርክሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሦስት ዓመቱ ከየት ተነሥቶ እንደሚቆጠር የሚጠይቅ የለም። በጊዜ ቀጠሮ የታሰረበትን መቁጠር ለፍርደኛው የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ ሕጉ ያዘዘው የቅጣቱ አካል ነው። በዋስ ለመውጣት ገንዘብ ያጣ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በዚህ ነው፤ ገንዘብ ያለው ሰው በውጭ ሆኖ ስለሚከራከር የሚቆጠርለት ቀን ራሱ ጥቂት ነው፤ ብንሳሳትም የምንወስድበት የለም።

ከዚያ በኋላ ከዳኛው ጋር ተስማምተን አሠራራችንን ለወጥን። የእስር ትእዛዝ ሲጻፍ የጊዜ ቀጠሮው መዝገብ ከዋናው ጋር አብሮ ይቀርባል። ታራሚው ከችሎት ከመውጣቱ በፊት የተያዘበትን ቀን፣ ወርና ዓመት ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ እርሱ ልክ ነው ሲል ብቻ ለፊርማ ይቀርባል። የሁለት ዓመት ትእዛዞችንም አንድ በአንድ አመሳከርኩ። አንድ ሌላ ስሕተት አገኘሁ፤ የወር ስሕተት ነበር፤ ታራሚው ገና ጊዜ ስለነበረው ሳይጎዳ ታረመ። አቤቱታ ያለበት ሳጥን አሁን የለም፤ ወረቀቱ ሲገባ ይነበባል።

ረቡዕ ጠዋት እናትና ልጅ አብረው መጡ። ልጁን ከችሎት ወዲህ አላየሁትም፤ ከስቷል፣ እጆቹ በመጋዝና በመዶሻ ጠንክረዋል። ይቅርታ ጠየቅኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ይቅር አለኝ ለማለት አልደፍርም። የመጣው የማረሚያ ትእዛዙን ቅጂ ለመውሰድ ነው። ቅጂውን አዘጋጅቼ ስሰጠው አልተቀበለኝም፤ በእጁ ወደ በረንዳው አመለከተ። እናቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

«እኔ ባነብላት አታምነኝም» አለ። «አንተ አንብብላት።»

ወጥቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ቀኑን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የተሳሳተውን ዓመትና የታረመውን ዓመት አነበብኩላቸው። ከጠባይ መግለጫው ላይ «ምንም ዓይነት ጥፋት ያልተመዘገበበት» የሚለውን ስደርስ «እስቲ እርሷን ድገማት» አሉኝ። ደገምኩላቸው።