ከማደንዘዣው ሲነቁ

እዚህ ሜሪላንድ ነርስ ሆኜ የምሠራው ለከባድ ድባቴ በኤሌክትሪክ ሕክምና በሚሰጥበት ክፍል ነው። ሐበሻ ቤተሰብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ያው ነው፤ «እህቴ፣ እናታችንን ኮረንቲ ልታስይዟቸው ነው?»

ፍርሃታቸው ይገባኛል። በ1938 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ሲጀመር ያለ ማደንዘዣ ነበር የሚሰጠው፤ ኤሌክትሪኩ በሚቀሰቅሰው መንቀጥቀጥ አጥንታቸው የተሰበረ ነበሩ። ዛሬ ታካሚው ይተኛል፤ ጡንቻ የሚያፍታታ መድኃኒትና ኦክስጅን ይሰጠዋል። ኤሌክትሪኩ ጥቂት ሰከንድ ነው። የሚቀሰቅሰው መንቀጥቀጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አንዱን ቁርጭምጭሚት በግፊት መለኪያው ጠበቅ አድርገን እናስራለን፤ የሚያፍታታው መድኃኒት እዚያ እንዳይደርስ። ሌላው አካል ዝም ሲል የዚያ እግር ጣቶች ይርገበገባሉ። መንቀጥቀጡን የምናየው በሱና በአንጎል መመዝገቢያው ነው።

አንዲት እናት መጡ (እንዳይታወቁ አንዳንዱን ቀይሬያለሁ)። ምግብ እምቢ ብለዋል፤ ከአንድ ሁለት ቃል በላይ አይናገሩም። መድኃኒት ተሞክሮ አልሠራም። ልጃቸው ጸበል ይወስዳቸዋል፤ እኔም ተው አላልኩትም።

የዚያን ጠዋት ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አወጣን፤ ሽንት ቤት ወሰድኳቸው። ፀጉራቸው ቅቤ ተቀብቷል። ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው ኤሌክትሮድ የሚለጠፍበት ቆዳ ደግሞ ንጹህና ደረቅ መሆን አለበት፤ ቀስ ብዬ ጠረግኩላቸው። ማተባቸውን ማንም አልበጠሰም። መስቀሉን ከክሩ አውጥቼ ለልጃቸው አስያዝኩት።

ከባዱ ሥራ ሲነቁ ነው። ትንፋሽና ግፊት እያየሁ አጠገባቸው ቆሜ «እማማ፣ ሆስፒታል ነዎት። ሕክምናው አልቋል። ልጅዎ ውጭ እየጠበቀዎት ነው» እላለሁ። ይጠይቁኛል፤ እንደገና እነግራቸዋለሁ። ራስ ምታትና የመንጋጋ ሕመም አለ፤ ያልፋል።

የመርሳቱ ነገር ግን መደበቅ የለበትም። ከሕክምናው በፊት የነበሩ ሳምንታት ወይም ወራት ሊጠፉ ይችላሉ፤ አንዳንዱም ላይመለስ ይችላል። ይህ ከመፈረማቸው በፊት በሆስፒታሉ አስተርጓሚ ይነገራቸው። ልጅ ሲያስተረጉም እናቱን ላለማስደንገጥ ብሎ ግማሹን ይውጠዋል። አይቻለሁ።

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ዙር ነው፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ዙሩ እየገፋ ሲሄድ አንድ ቀን ነቅተው ልጃቸውን ቀና ብለው አዩትና «ምነው እንዲህ ከሳህ? አትበላም እንዴ?» አሉት። ልጁ አለቀሰ፤ እኔም አልቻልኩም።

ከዚያ ልጁን ቁጭ አድርጌ የነገርኩት ከዙሩ በኋላ ስለሚቀጥለው መድኃኒትና ክትትል ነው። ተሻላቸው ተብሎ እሱ ከተቋረጠ ሕመሙ በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ቀጠሮውን ስልኩ ላይ አስመዘገብኩት።