ደቻቱ የወሰደው 16 ገጽ

የእኔ «ፍቅር እስከ መቃብር» 16 ገጽ ይጎድለዋል። የወሰደው የድሬዳዋው ወንዝ፣ ደቻቱ ነው። ይጎድለዋል ስል ግን ቦታው ባዶ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሌላ ነገር ሰፍቼበታለሁ። እሱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

መጽሐፉን የገዛው አባቴ ነው። አባዬ ምድር ባቡር ላይ ኮንትሮለር ነበር፤ ወደ ደወሌ ሲወርድም ወደ አዋሽ ሲወጣም ከቲኬት መብሻው ጋር ይህንን መጽሐፍ ቦርሳው ውስጥ ሳይከት ከቤት አይወጣም። በዚያን ጊዜ ባቡሩ ከሚሄድበት የሚቆምበት ይበዛ ነበር። ሲቆም ያነባል፣ ካነበበ በኋላ ደግሞ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ አንድ ሁለት ቃል ጣል ያደርጋል፦ «አዲጋላ፣ 3 ሰዓት ዘገየን»፤ «ሽንሌ፣ ውሃ የለም»፤ «አይሻ፣ ግመል»። የግመሉ ነገር እስከ ዛሬ አልተፈታልኝም። ገጭተው ይሆናል፣ ዝም ብሎ አይቶም ይሆናል።

እማዬ ማንበብ አትችልም። መጽሐፉን ግን ከአባዬም ከእኔም በላይ ታውቀዋለች፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እያንዳንዷን ቃል ሰምታዋለች። ለእሷ ጉዱ ካሳ የሚናገረው በወጋየሁ ድምፅ ነው፣ ሌላ ድምፅ የለውም። አባዬ ካረፈ በኋላ የማንበቡ ተራ ወደ እኔ ሲዞር ትልቁ መከራዬ ይኸው ነበር።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ ውሻው ሳይቀር ጥላ ፈልጎ ይተኛል። ሰው ወይ በርጫ ላይ ነው፣ ወይ ፍራሹ ላይ። እኔ ቀፊራ አንድ ጨርቅ ቤት ስለምሠራ እስከ 10 ሰዓት ቤት ነኝ። ግቢያችን ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ውሃ እንረጫለን፣ ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ እኔ አነባለሁ። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። የተኛች ይመስለኝና አንድ አንቀጽ ስዘል «የት ሄድክ?» ትለኛለች።

«ደከመኝ አንቺ።»

«እንደ ወጋየሁ አንብብ እንጂ! ፊታውራሪ መሸሻን የመርካቶ ደላላ አደረግከው።»

(አንቺ ማለቴን ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቻችን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ድሬ ላይ እናቱን አንቱ የሚል ከተገኘ ተጣልተው ነው።)

እንዲህ እያልን ዳር እስከ ዳር ስንት ጊዜ እንዳነበብነው አልቆጠርኩም። ሲያልቅ ጥቂት ሳምንት እናርፋለን፣ ከዚያ «እስቲ የበዛብህን ልጅነት» ትለኛለች፣ እንደገና እንጀምራለን። መጨረሻውን እያወቁ ምን ይጥማል የሚሉኝ ጓደኞች ነበሩ። እኔን የሚጥመኝ ማወቄ ነበር። ውጭ ያለው ነገር ሁሉ ነገ ምን እንደሚሆን አይታወቅም፤ ሰብለወንጌል ግን ትናንት የነበረችበት ገጽ ላይ ናት።

ከዚያ ሐምሌ 1998 መጣ።

ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጎርፉን የሚልክብን ዝናብ የሚዘንበው ደግሞ በደንገጎ በኩል፣ ደጋው ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ኮከብ እየታየ እንኳን ውሃ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት የመጣው ግን ከዚያ በፊት ካየነው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኔና እማዬ ከኋላችን ያለው ጎረቤት ፎቅ ላይ ወጥተን ነጋልን። ስለዚያ ሌሊት ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

በሦስተኛው ቀን ቤት ስገባ የአባዬ የመጻሕፍት ሣጥን ከአልጋው ሥር ተነሥቶ በሩ ላይ ተሰንቅሯል። አርባ የሚሆኑ መጻሕፍት ነበሩ፣ ሁሉም ጭቃ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውሃ ጠጥቶ እጥፍ ሆኗል፣ ጀርባው ተፈልቅቋል። ቆርቆሮው ላይ ማስጣት ጀመርኩ። አንዲት የሰፈራችን ሴት ከታች ቆማ አየችኝና «ሰው ሞቶ አንተ ወረቀት ታሰጣለህ?» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ወርጄ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ማታ ግን ተመልሼ ወጣሁ።

አሁን ሳስበው የዚያን ሳምንት ያልተሳሳትኩት ነገር የለም። የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። የድሬ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ተጨምሮ ሽፋኑን እንደ ቅጠል አጠማዘዘው፣ ውጩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ቀረ፣ ርጥቡ ሻገተ። እርጥብ ወረቀት በሁለት ቀን ውስጥ መሻገት ይጀምራል፤ ስለዚህ ችኮላዬ ትክክል ነበር፣ ቦታው ነው ስሕተቱ። ጥላ፣ ነፋስ፣ ከየሃያ ገጹ መሃል ጋዜጣ፣ ጋዜጣው በራሰ ቁጥር መቀየር፣ በቃ። ቬንትሌተር ካለ ክፍሉ ውስጥ ይዙር እንጂ መጽሐፉ ላይ አይዙር። ሁለተኛው ጭቃው ነው። በርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፣ ጭቃውን ወረቀቱ ውስጥ አሸሁት ማለት ነው። መጽሐፉ እንደ ረጠበ ከሆነ ሳይገለጥ፣ እንደ ተዘጋ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ማለቅለቅ፤ ከደረቀ ደግሞ መተው፣ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያላቸው ሁለት መጻሕፍት ነበሩን፤ እነሱ ገጽ ለገጽ ተጣብቀው ጡብ ሆኑ። አንዱን እስከ አሁን የበር መደገፊያ አድርጌዋለሁ።

የገረመኝ እርሳሱ ነው። አባዬ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእስክሪፕቶ የጻፈው ስሙ ተበትኖ ሰማያዊ ደመና ሆኗል። አዲጋላም፣ ሽንሌም፣ ግመሉም ግን ቦታቸው ላይ ናቸው፤ እርሳስ በውሃ አይሟሟም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ላይ በእስክሪፕቶ ጽፌ አላውቅም።

ስገልጠው ከመሃል አንድ እጥፋት ወጥቶ ሄዷል። መጽሐፍ ሲታተም ትልቁ ወረቀት ይታጠፍና አንድ እጥፋት 16 ገጽ ይሆናል፤ እጥፋቶቹ በጀርባ በኩል በክር ይያያዛሉ። ክሩ ሲበጠስ አንድ ገጽ ብቻውን አይሄድም፣ አሥራ ስድስቱም አብረው ነው። የሄደችው ሰብለወንጌል መነኩሴ መስላ ከቤት የምትወጣበት አካባቢ ነበረች።

አዲስ መግዛት እችል ነበር፤ ገዛሁም። ከመንገድ ላይ የገዛሁት ፊደሉ የደበዘዘ፣ አንዳንዱ ገጽ ተገልብጦ የታተመ ነበር። ግን ጥሩ ቢሆንም አይሆንልኝም ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ታሪክ በየትኛውም ቅጂ ያው ነው፤ አዲጋላ ላይ 3 ሰዓት የዘገየው ግን የእኛው ብቻ ነው። አዲሱን ለዘመድ ልጅ ሰጠሁና አሮጌውን በላስቲክ አስሬ አምስት ዓመት እንደዚያው አነበብኩት። ክፍተቱ ጋ ስንደርስ እማዬ በቃሏ ትሞላዋለች። በየጊዜው ትንሽ ይለያይ ነበር፣ እኔም ዝም እላለሁ።

በ2003 እማዬ የዓይን ሞራ ተገፈፈላት። ሌሊቱን እዚያው ማደር ነበረባት፣ ስምንት አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ። ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ፣ ሙቀቱ አላስተኛ ብሏት «ይዘኸዋል?» አለችኝ። ይዤዋለሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይተው ከጥግ ያሉ አንድ ሽማግሌ «ጮክ በልልን አቦ» አሉ። ጮክ አልኩ። ተረኛዋ ነርስ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ በሩን ደገፍ ብላ ቆመች። ክፍተቱ ላይ ስደርስ ዝም አልኩ። እማዬ ተቀበለችኝ፤ ተጋድማ፣ በፋሻዋ፣ በወጋየሁ ድምፅ። እኔ የሐኪሙን ትእዛዝ የጻፍኩበትን ደብተር ገልጬ መጻፍ ጀመርኩ። እየቀዳሁባት መሆኔን አላወቀችም። ብታውቅ ትኮራበትና ይበላሽ ነበር።

የዚያን ዓመት ለሥራ ሐረር ሄድኩ፣ 55 ኪሎ ሜትር ናት። ሥራዬን ጨርሼ ጀጎል ውስጥ ራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም አየሁ። ሐረር ጥንትም በመጽሐፍ ጥረዛዋ የታወቀች መሆኗን ሰምቼ ነበር፤ በዓይኔ ሳየው ሌላ ነው። አሮጌዎቹ ቁርአኖች ከቆዳ ሽፋናቸው የሚወጣ ምላስ አላቸው፣ እንደ ፖስታ ክዳን ታጥፎ የገጾቹን አፍ ይዘጋል። እኔ የምኖርበት ከተማ አቧራ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። ቤቴ ስመለስ በሐሳቤ ያለው ያ ምላስ ብቻ ነበር።

እንዲህ አደረግኩ። ላስቲኩን ፈትቼ እጥፋቶቹን ለያየሁ። የእማዬን ትረካ በጥሩ ወረቀት ላይ በእርሳስ ገልብጬ፣ አራት ወረቀት አንድ ላይ አጥፌ 16 ገጽ አደረግኩት፣ ልክ እንደ ጠፋው። ትረካዋ አሥራ አንድ ገጽ ተኩል ላይ አለቀ፤ የቀረውን ባዶ ተውኩት። ቀዳዳውን የበሳሁት በእማዬ የስፌት ወስፌ ነው። ክሩን በሰም አሸሁት፤ ያልታሸ ክር ወረቀቱን ይቀደዋል። እጥፋቶቹን አንዱን ከሌላው ጋር እያያያዝኩ ሰፋሁ፣ ሁለት ጊዜ ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ። ሽፋኑ ካርቶን ሆኖ ከላይ አቡጀዲ ለብሷል፣ ከሱቃችን ቁራጭ። አቡጀዲውን ረዘም አድርጌ ትቼ ምላስ አወጣሁለት።

ያጠፋሁት ማጣበቂያው ላይ ነው። የስንዴ ዱቄት አፍልቼ ቀባሁት፣ ደስ የሚል ነበር፣ በረሮዎቹንም ደስ አላቸው። በስድስት ወር ጀርባውን በልተው ጨረሱት። አሁን አናጢዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ኮላ በስሱ ነው የምቀባው። ፕላስተር ግን ለማንም አልመክርም፤ ከዓመታት በኋላ ሙጫው ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል፣ ሊነቀል ሲል ፊደሉን ይዞ ነው የሚነቀለው። ከዚያ ወዲህ ጣሪያችን አፍስሶ ሌሎች መጻሕፍት ሲረጥቡ ለማድረቅ ጊዜ ስላልነበረኝ እያንዳንዱን በፌስታል ጠቅልዬ ጎረቤት ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኳቸው። እንደ በረዶ ጠጥረው ሳይሻግቱ ቆዩኝ፤ በየተራ እያወጣሁ አደረቅኋቸው። ባለሱቁ እስከ ዛሬ «ዶሮህን ውሰድ» እያለ ይቀልድብኛል።

መጽሐፉን አላውስም። በጓደኛ እጅ ወጥተው የቀሩብኝን ብቆጥር ከጎርፉ አይተናነሱም። ማንበብ የፈለገ ግቢያችን ይምጣ፣ ጥላ አለ፣ ሆጃ አለ፣ ያ የእኛው አገር የቡና ገለባ መጠጥ። ባለፈው ክረምት አንዲት የጎረቤታችን ልጅ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ በየቀኑ እየመጣች አነበበችው። ቤታቸው የታተመ ቅጂ ነበራቸው፣ እሷ ግን የእኛን ወደደች፣ በተለይ ግመሉን። አንድ ቀን ከሰዓት ከምንጣፉ ተነሥታ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ይዛ እማዬ ፊት ቆመች።

«እማማ፣ እዚህ ላይ ሰብለወንጌል ዛፍ ሥር ተቀምጣ ሆጃ ጠጣች ይላል። የእኔ ላይ የለም።»

ሆጃ ጎጃም ምን ሊሠራ ይሄዳል! እኔ ስቀዳው በሌሊት ድንግዝግዝ አላስተዋልኩትም፣ ስገለብጠውም አለፈኝ፣ ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ።

እማዬ ስኒዋን አስቀመጠች።

«የአንቺን ደቻቱ ወስዶት ይሆናል።»