ጨቅላዋም ትቆጠር

ዛሬ የሕዝብ ቆጠራ ቆጣሪዋ ጎረቤታችን ቤት ገብታ «ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት?» ስትል እዚያው ነበርኩ። እማማ «አራት ነን» አሉ። ጀርባቸው ላይ የታዘለችውን የልጅ ልጃቸውን ግን አልቆጠሯትም። ቆጣሪዋ እስክሪብቶዋን አንስታ «ይቺስ እማማ?» አለቻቸው።

«ኧረ እሷማ ገና ጨቅላ ናት፤ ምኗ ይቆጠራል!»

ከዚያ ወዲህ ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣም። በብዙ አገሮች ከቆጠራ ከሚዘለሉት መካከል ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ይበዛሉ። ክትባቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ነገ የምትቀመጥበት የአንደኛ ክፍል ወንበርም የሚታቀደው ግን በዚሁ ቁጥር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቆጠራ ቢያንስ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ይመክራል። እንግዲህ ዛሬ የተዘለለች ልጅ በሚቀጥለው ቆጠራ የምትገኘው ትልቅ ተማሪ ሆና ነው።

ግብር ይጨመርብናል ብለው ቤተሰብ የሚደብቁም አሉ (ስጋታቸው ይገባኛል)። ነገር ግን የቆጠራ ሕጎች የእያንዳንዱን ሰው መልስ በምስጢር እንዲያዝ ያዛሉ፤ ለሕዝብ የሚወጣው ድምሩ ነው።

እባካችሁ፣ ቆጣሪ ሲመጣ የቤት ሠራተኛዋንም፣ ተከራዩንም፣ አልጋ ላይ የዋሉትን አያትም፣ በቅርቡ የተወለደውንም አስመዝግቡ።