የዲንሾ ኮሶዎች

ዛሬ ዲንሾ ነበርኩ፣ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ግን ኮሶው አብቧል! ቀያዮቹ ዘለላዎች ከቅርንጫፉ ቁልቁል ተንዠርግገው፣ ከሥራቸው የደጋ አጋዘኖች ይግጣሉ። ብዙ ቆሜ አየሁ።

ኮሶ ወንዴና ሴቴው ዛፍ ለየብቻ ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ ቀይ አበባ ነው፦ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሕዝብ የኮሶ ትልን የሚያወርድለት ይኸው ነበር። አያቴ ኮሶ በጠጣችበት ቀን ከቤት አትወጣም፣ እንግዳም አትቀበልም። ምሬቱን በፊቷ ላይ አይቼዋለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አበባው እስከ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ደርሷል። ዛሬ ግን በግምት አትጠጡት፤ መጠኑ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ክኒን ውሰዱ።

የሚያንገበግበኝ ዛፉ ነው። እንጨቱ ለቤት ዕቃ ስለሚፈለግ በብዙ ቦታ ተጨፍጭፏል። በደጋው ብዙ ቦታ ትልልቅ ኮሶ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ እዚያ መጥረቢያ የሚያነሣበት የለም። ደጋ ላይ መሬት ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ክረምት ሲገባ ከባሕር ዛፉ ጎን ኮሶም ትከሉ። ዘር እንዲይዝ ሁለቱም ፆታ ያስፈልጋልና ብዙ አድርጋችሁ ትከሉ።