የኮዲ መነሻ ገጽ ዊጀቶች፦ ከስኪኑ በፊት ፕሌይሊስቱ

ኮዲ ፊልምና ሙዚቃ የሚያጫውት ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ስኪን የሚባለው የገጹ መልክና አቀማመጥ፣ ዊጀት ደግሞ መነሻ ገጹ ላይ የሚታየው የፊልሞች ረድፍ ነው። ከ17ኛው ስሪት (ክሪፕተን፣ እ.ኤ.አ. 2017) ጀምሮ ከኮዲ ጋር የሚመጣው ስኪን ኤስቹዋሪ ነው። በሴቲንጉ የምናሌ ክፍሎችን መደበቅ ይቻላል፤ የመነሻ ገጹን ረድፎች ግን ስኪኑ ራሱ ወስኗቸዋል። ረድፎቹን ራሳችሁ ለመምረጥ ኤዮን ኖክስ ሲልቮ ይሻላል። በኮዲ የራሱ ሪፖዚተሪ (የተጨማሪዎች ማከማቻ) ውስጥ አለ፤ ምናሌውንና ዊጀቱን የሚያስተካክልለት ስኪን ሾርትከትስ የተባለው አድኦን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ነው።

ስኪኑን ከመነካካት በፊት ግን ስማርት ፕሌይሊስቶቹን፣ ማለትም በሰጣችሁት ደንብ ራሳቸው የሚሞሉትን ዝርዝሮች፣ ጨርሱ። ቪዲዮ ውስጥ ፕሌይሊስት፣ ከዚያ አዲስ ስማርት ፕሌይሊስት። ላልታዩ ፊልሞች ዓይነቱን «ፊልሞች» አድርጉና የታየበት ብዛት 0 የሚል ደንብ ስጡ፤ ቅደም ተከተሉ በገባበት ቀን፣ አዲሱ ከላይ። ገደቡን 25 አድርጉት። ገደብ ካልተሰጠው ረድፉ በላይብረሪው (ኮዲ በመዘገባቸው ፊልሞች ዝርዝር) ውስጥ ደንቡን የሚያሟሉትን ሁሉ ሊጭን ይችላል፤ አቅሙ አነስተኛ የሆነ የቲቪ ቦክስ ላይ ገጹ የሚንቀራፈፈው በዚህ ነው። ከዚያ በስኪኑ ሴቲንግ ዋናውን ምናሌ ማስተካከያ ከፍታችሁ የዊጀቱ ምንጭ ፕሌይሊስቱ እንዲሆን ምረጡ። ዊጀቱ የሚይዘው የፕሌይሊስቱን ፋይል አድራሻ ስለሆነ፣ በኋላ የፋይሉን ስም ከቀየራችሁ ረድፉ ባዶ ይሆናል።

ብዙ ጥያቄ የሚነሳው «በመታየት ላይ» በሚለው ረድፍ ነው። ፊልም ጀምረው ያቆሙት ሰዎች ረድፉ ውስጥ ሲያጡት ዊጀቱ ተበላሸ ይላሉ። ዊጀቱ ግን ደህና ነው። ኮዲ በነባሪው በመጀመሪያው 180 ሰከንድ ውስጥ የቆመ ፊልም ላይ የመቀጠያ ነጥብ አያስቀምጥም፤ የመጨረሻው 8 በመቶ ውስጥ የቆመ ላይም እንዲሁ። የ2 ሰዓት ፊልም ከሆነ ሊያበቃ 10 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ከረድፉ ይወጣል ማለት ነው። 90 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ «ታይቷል» የሚል ምልክት ያገኛል። ልኮቹን መቀየር የሚቻለው አድቫንስድ ሴቲንግስ በተባለው ፋይል ብቻ ነው፤ ፋይሉ ከሌለ ራሳችሁ ትፈጥሩታላችሁ፣ ኮዲም ዘግቶ መክፈት ይፈልጋል።

ፊልሙ ፎልደር ውስጥ እያለ በየትኛውም ረድፍ ካልታየ ላይብረሪው ውስጥ አልገባ ይሆናል። በፊልም መረጃ ቋት ላይ ያልተመዘገቡ የአማርኛ ፊልሞች ብዙ ጊዜ እንዲህ ይቀራሉ። መፍትሔው ርዕሱንና ዓመቱን የያዘ የኤንኤፍኦ ፋይል (ኮዲ የፊልሙን መረጃ የሚያነብበት የጽሑፍ ፋይል) ከቪዲዮው ጎን በተመሳሳይ ስም አስቀምጦ እንደገና ስካን ማድረግ ነው።

ከኢንተርኔት አድኦን የሚመጡ ዊጀቶችን ከአንድ ባታበልጡ ይመረጣል፤ መስመሩ ሲዳከም የሚያስጠብቁት እነሱ ናቸው። ስኪን ከመቀየራችሁ በፊት የዩዘርዳታን ፎልደር ሙሉውን ገልብጡ፤ ፕሌይሊስቶቹም የዊጀቶቹ ቅንብርም እዚያው ውስጥ ናቸው።